አገር ቤት በፖይንት፦ አሜሪካ ለምንኖር የማይልና የክሬዲት ካርድ መመሪያ

አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ አገር ቤት ደርሶ መመለስ ከዓመቱ ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ነው። ጉዞው ገናን ወይም የልጆቹን የትምህርት ቤት ዕረፍት ከተከተለ ደግሞ ዋጋው ይብሳል። እንዲህም ሆኖ ብዙዎቻችን ቲኬቱን በዜል ወይም በጥሬ ገንዘብ እንከፍላለን። የማይል ቁጥር ሳናስገባ እንበርራለን። ቦርዲንግ ፓሱንም ጥለን እንመለሳለን። በዚያው ዓመት ለቤንዚን፣ ለአስቤዛና ለመኪና ኢንሹራንስ በዴቢት ካርድ ያወጣነው ብዙ ሺህ ዶላርም ምንም ሳያስገኝልን ያልፋል።

ይህ መመሪያ ሁለቱን ወጪዎች ስለማገናኘት ነው። ፖይንት ክሬዲት ካርድ ስንጠቀም ባንኩ የሚሰጠን ነጥብ ነው፤ ማይል ደግሞ የአየር መንገዱ ነጥብ ሆኖ ቲኬት ይቆረጥበታል። የባንክ ፖይንት ወደ አየር መንገድ ማይል ሊዛወር ይችላል። ዋናው ነገር ሦስት ነው። ፖይንታችሁን ባንኩ ጋ አቆዩት። በማይል የሚሰጠውን ወንበር በዓይናችሁ ሳታዩ ወደ አየር መንገድ አትላኩት። ካርዱን በየወሩ ሙሉ በሙሉ ክፈሉ።

1. የካርድ ዕዳ ካለባችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ

የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ ባለፉት ዓመታት በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። ወለዱ 24 በመቶ በሆነ ካርድ ላይ 3,000 ዶላር ዕዳ ቢኖርባችሁ፣ በየወሩ 60 ዶላር ገደማ ለወለድ ብቻ ይሄዳል። ይህን የሚያካክስ ፖይንት የለም። ትንሹን ክፍያ ብቻ እየከፈለ ማይል የሚሰበስብ ሰው በገዛ ገንዘቡ ዕዳ ከሜዳ እየገዛ ነው።

ስለዚህ ዕዳችሁን ዝጉ፤ ከዚያ በየወሩ ሙሉውን ሒሳብ በራሱ የሚከፍለውን አውቶፔይ አብሩ። አዲስ የመጣችሁና የክሬዲት ታሪክ የሌላችሁ ከሆነ በጉዞ ካርድ አትጀምሩ፤ ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል። በተቀማጭ ገንዘብ የሚከፈት ሴኪዩርድ ካርድ ያዙ፤ ወይም ጥሩ ክሬዲት ያለው የቤተሰብ አባል በካርዱ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጎ ያስገባችሁ። ከተፈቀደላችሁ ገደብ ጥቂቱን ብቻ እየተጠቀማችሁ በወቅቱ ክፈሉ። ከ300 እስከ 850 የሚቆጠረው የክሬዲት ነጥባችሁ (ክሬዲት ስኮር) ከ700 በላይ ሲሆን ማመልከት ትችላላችሁ።

2. የማይል አካውንት ክፈቱ፤ ስማችሁ ላይ ግን ተጠንቀቁ

አካውንት መክፈት ነፃ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሮግራም ሼባ ማይልስ ይባላል። የዩናይትዱ ማይሌጅፕላስ፣ የኤር ካናዳው ደግሞ ኤሮፕላን ነው። ሦስቱም አየር መንገዶች ስታር አሊያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ አባላት ናቸው፤ የእኛው አየር መንገድ የገባው በታኅሣሥ 2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ በርራችሁ ማይሉን በዩናይትድ አካውንት ማስመዝገብ ትችላላችሁ። በዩናይትድ ማይልም የኢትዮጵያን ወንበር መቁረጥ ይቻላል።

እኛን ከሌላው ሰው በላይ የሚያስቸግረን የስም ጉዳይ ነው። ፓስፖርት ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ። ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሊገባ ይችላል፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ ደግሞ የአባት ስም። አንዱ ቦታ በአንድ ፊደል የተጻፈው ሌላው ቦታ በሁለት ይጻፋል። አካውንቱና ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ካልተጣጣመ ማይሉ ላይገባ ይችላል። አካውንቱን በምትጓዙበት ፓስፖርት ስም፣ በዚያው የፊደል አጻጻፍ ክፈቱ። ዜግነት ቀይራችሁ ስም ካስተካከላችሁም ከጉዞው በፊት አካውንቱን አስተካክሉ።

ልጆችም የየራሳቸው አካውንት ይኑራቸው። የራሱ ወንበር የተገዛለት ልጅ ማይሉ የራሱ ነው። በኤሮፕላን እስከ ስምንት የቤተሰብ አባላት ፖይንታቸውን በነፃ በአንድ ቋት ማድረግ ይችላሉ። የአራት ሰው በረራ በአራት አካውንት ተበታትኖ ውሃ ከሚበላው ይህ ይሻላል።

በዚህ አጋጣሚ በዱባይ፣ በሪያድ፣ በቤይሩት ወይም በኩዌት የሚሠሩ እህቶች ያሏችሁ ይህን ንገሯቸው። ማይል የሚመዘገበው ለሚበርረው ሰው እንጂ ቲኬቱን ለገዛው አይደለም። ቲኬቱን አሠሪ ወይም ኤጀንሲ ቢቆርጠውም የሼባ ማይልስ ቁጥራቸውን ቼክ ኢን ሲያደርጉ መስጠት ይችላሉ። ማይል የማያስገኙ የቲኬት ዓይነቶች አሉ፤ ቢሆንም መጠየቁ ምንም አያስከፍልም።

3. በረራውን የት እንደምታስመዘግቡ ወስኑ

አንድ በረራ በሁለት ፕሮግራም አይመዘገብም። በዓመት አንዴ ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ከአሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ ምርጫዬ ዩናይትድ ወይም ኤሮፕላን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቼዝ፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስ፣ የካፒታል ዋንና የሲቲ ፖይንቶች በቀጥታ ወደ ሼባ ማይልስ አይዛወሩም። ከበረራ ያገኛችሁትንና ከካርድ ያገኛችሁትን በአንድ ቦታ ማጠራቀም ከፈለጋችሁ፣ ባንኩ የሚልክበትን ፕሮግራም መምረጥ አለባችሁ።

በሥራ ወይም በንግድ ምክንያት በዓመት ደጋግማችሁ በኢትዮጵያ የምትበርሩ ከሆነ ግን ሼባ ማይልስ ያዋጣል። ለወርቅ ደረጃ ከበቃችሁ የስታር አሊያንስ ጎልድ ትሆናላችሁ። ከአሜሪካ ስትነሱ ከሚፈቀደው ሻንጣ በላይ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድላችኋል፤ ላውንጅ መግባትም አለ። ለአዲስ አበባ ዘመድ አዝማድ ዕቃ የሚሸከም ሰው የዚያችን የሦስተኛ ሻንጣ ዋጋ ያውቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ርካሽ ቲኬት ብዙ ጊዜ ሙሉ ማይል አያስገኝም። ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ ወደ 7,200 ማይል ይርቃል፤ ደርሶ መልሱ ከ14,000 ያልፋል። ቲኬታችሁ ላይ ያለችው፣ የዋጋ ምድቡን የምታሳየው የክላስ ፊደል ግማሽ ብቻ የምታስገኝ ከሆነ 7,200 ገደማ ይገባላችኋል። ያው ፊደል በሼባ ማይልስና በዩናይትድ የተለያየ ሊያስገኝ ይችላል። ስለዚህ ቲኬት ቆራጩን ፊደሏን ጠይቁትና በሁለቱም ፕሮግራም ድረ ገጽ አወዳድሩ። ማይሉ አካውንታችሁ ውስጥ እስኪገባ ድረስም ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ።

4. ካርድ መምረጥ

ፖይንት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ምርጫውን ያቀልላል። ካርዳችሁን ስታንሸራትቱ ሻጩ ከዋጋው የተወሰነ መቶኛ ለባንኩና ለካርድ ኩባንያው ይከፍላል። ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው በፖይንት መልክ ወደ እናንተ ይመለሳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 በወጣው ሕግ ባንኩ ከዚህ የሚያገኘውን ድርሻ ለክሬዲት ካርድ በ0.3 በመቶ ገድቦታል። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን እንደ አሜሪካ ያለ ቦነስ የማያገኙት በዋነኛነት ለዚህ ነው። እነሱ የሚያዋጣቸው እያንዳንዱን በረራ ማስመዝገብ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ፣ የመጀመሪያው ካርድ የአንድ አየር መንገድ ስም ያለበት ባይሆን እመርጣለሁ። ወደ ብዙ አየር መንገዶች የሚዛወር የባንክ ፖይንት ይሻላል። አንዱ ፕሮግራም ዋጋ ቢጨምር ወደ ሌላው ዘወር ማለት ትችላላችሁ። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የምጠቁመው ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድን ነው። ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ነው። ምግብ ቤት በዶላር ሦስት፣ ጉዞ ላይ ሁለት ፖይንት ይሰጣል። ወደ ዩናይትድም ወደ ኤሮፕላንም አንድ ለአንድ ይዛወራል። ካፒታል ዋን ቬንቸርም 95 ዶላር ነው፤ ሁሉም ነገር ላይ በዶላር ሁለት ይሰጣል። ወደ ኤሮፕላን ይሄዳል፣ ወደ ዩናይትድ ግን አይሄድም። አሜክስ (የአሜሪካን ኤክስፕረስ) ጎልድ በሱፐርማርኬትና በምግብ ቤት አራት ፖይንት ይሰጣል፤ ዓመታዊ ክፍያው ግን ከበድ ይላል። ኮስትኮ ደግሞ በሱቆቹ ከክሬዲት ካርዶች የሚቀበለው ቪዛን ብቻ ነው። ከሀበሻ ሱቆችም አሜክስ የማይቀበሉ አሉ። አስቤዛችሁ በአብዛኛው ከነዚህ ከሆነ አራቱ ፖይንት በወረቀት ላይ ይቀራል።

የምትይዙት ካርድ የውጭ አገር ግብይት ክፍያ የማያስከፍል መሆኑን አረጋግጡ። ሌላው ካርድ ብዙ ጊዜ 3 በመቶ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ሆቴል ስትከፍሉ ይታወቃችኋል።

ታክሲ፣ ኡበር ወይም የጭነት መኪና የምትነዱ፣ ወይም ትንሽ ንግድ ያላችሁ፣ በስማችሁ የቢዝነስ ካርድ ማመልከት ትችላላችሁ፤ የግድ ትልቅ ኩባንያ አያስፈልግም። ቼዝ ባለፉት 24 ወራት አምስትና ከዚያ በላይ አዲስ ካርድ ለከፈተ ሰው አዲስ ካርድ የመስጠት ልምድ የለውም። የራሱ የቢዝነስ ካርዶች ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ካርድ ለመክፈት ስታስቡ ከቼዝ ጀምሩ፤ ሌሎቹን አስከትሉ። የልብስ መደብር ካርድ ለአንድ ቀን ቅናሽ ብላችሁ አትክፈቱ። እሱም ቁጥሩን ሊሞላባችሁ ይችላል።

5. የመግቢያ ቦነሱን በወጪያችሁ ልክ አግኙት

ብዙው ፖይንት የሚገኘው ከዕለት ወጪ ሳይሆን ከመግቢያ ቦነስ ነው። ለምሳሌ በሦስት ወር 5,000 ዶላር ስታወጡ 60,000 ወይም ከዚያ በላይ ፖይንት የሚሰጥ ካርድ አለ። በዶላር አንድ ፖይንት ብቻ እያገኛችሁ ያንን ለመሰብሰብ 60,000 ዶላር ማውጣት ነበረባችሁ።

ካርዱን የምትከፍቱበትን ጊዜ ምረጡ። የስድስት ወር የመኪና ኢንሹራንስ የሚከፈልበት፣ ምርቃት ወይም ሠርግ ያለበት፣ ጎማ የሚቀየርበት ወር ጥሩ ነው። ራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች የሩብ ዓመት ታክሳቸውንም በካርድ መክፈል ይችላሉ። ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት 2 በመቶ ገደማ ያስከፍላል፤ ቦነሱን ለመሙላት ጥቂት ከጎደላችሁ ያዋጣል፣ በሌላ ጊዜ ግን አላደርገውም። የማያስፈልግ ዕቃ ገዝቶ ቦነስ መሙላት ኪሳራ ነው።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ በአንድ ጊዜ ሁለታችሁም አትክፈቱ። አንዱ ቦነሱን ሲጨርስ ሌላው ያመልክት። ባንኩ ሰው ላመጣ ደንበኛም ፖይንት የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ፣ አንዳችሁ በሌላችሁ ሊንክ ብታመለክቱ ቤቱ ሁለት ጊዜ ይጠቀማል።

6. ካርዱን የማታወጡባቸው ቦታዎች

ይህ ክፍል ለእኛ ማኅበረሰብ በተለይ ያስፈልጋል። በገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያ ወደ አገር ቤት ስትልኩ ክሬዲት ካርድ አትጠቀሙ። ብዙ ባንኮች ይህን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። ፖይንት አይገኝበትም፣ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። አዲስ አበባ ኤቲኤም ላይ በክሬዲት ካርድ ብር ማውጣትም እንደዚሁ ነው፤ ለዚህ ዴቢት ያዙ።

ቲኬት በኤጀንት ስትገዙ ሁለት ዋጋ ጠይቁ፦ በካርድ ስንት፣ በዜል ስንት? ኤጀንቱ ለካርድ 3 በመቶ የሚጨምር ከሆነ ፖይንቱ ላያዋጣ ይችላል። ያም ሆኖ አንድ ጥቅም አለ። ጥሩ የጉዞ ካርድ ሻንጣ ሲዘገይ ወይም በረራ ሲሰረዝ የሚከፍል ኢንሹራንስ ይኖረዋል። በዜል የተከፈለ ገንዘብ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ። የማላውቀው ኤጀንት ከሆነ ጭማሪውን ከፍዬም ቢሆን በካርድ እገዛለሁ።

7. ፖይንት ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ሒሳብ ሥሩ

የቲኬቱን የዶላር ዋጋ ያዙ። በማይል ስትቆርጡ የምትከፍሉትን ታክስ ቀንሱ። የቀረውን ለማይሉ ብዛት አካፍሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። ቲኬቱ 1,500 ዶላር ነው እንበል። በማይል ሲቆረጥ 88,000 ማይልና 120 ዶላር ታክስ ይጠይቃል። 1,500 ሲቀነስ 120፣ 1,380 ነው። ለ88,000 ሲካፈል እያንዳንዱ ማይል 1.57 ሳንቲም አወጣ ማለት ነው።

ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? መለኪያው ሁሉም ነገር ላይ 2 በመቶ ጥሬ ገንዘብ የሚመልስ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ካርድ ነው። በዶላር አንድ ማይል ብቻ የሚሰጥ ካርድ ተጠቅማችሁ ማይሉ 1.57 ሳንቲም ካወጣ፣ ከዚያ ካርድ አንሳችኋል። በዶላር ሦስት ፖይንት ባገኛችሁበት የምግብ ቤት ወጪ ግን 4.7 በመቶ ገደማ ተመለሰላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያሰላ ለዓመታት በማይሆነው ካርድ ይገዛል። ጉዞ የማታበዙ ከሆነ የ2 በመቶውን ካርድ ያዙና ቲኬቱን በጥሬ ገንዘብ ግዙ። ይህም ብልህ ምርጫ ነው።

ፖይንትን በስጦታ ካርድ ወይም በዕቃ መቀየር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሳንቲም ወይም ከዚያ በታች ነው የሚያወጣው። በሌላ በኩል ትልቁን ዋጋ የምታገኙት የገንዘብ ዋጋ ሲንር ነው። ለቅሶ ደርሶባችሁ በሁለት ቀን ውስጥ መሄድ ሲኖርባችሁ የቲኬቱ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በማይል የሚሰጥ ወንበር ከተገኘ ግን የማይሉ ዋጋ ያን ያህል ላይጨምር ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ሰው መሄጃ የሚበቃ ፖይንት ሁልጊዜ ሳይነካ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ሌላው ያማረ አጠቃቀም ወላጅን ማስመጣት ነው። ማይሉ የእናንተ ሆኖ ቲኬቱን በእናታችሁ ስም መቁረጥ ትችላላችሁ። በማይል የአንድ ጉዞ ቲኬት በአብዛኛው የደርሶ መልሱ ግማሽ ስለሆነ፣ የምትመለስበት ቀን ባልታወቀበት ጊዜ መምጫውን ብቻ መያዝ ይቻላል። በዩናይትድ ማይል የተቆረጠ ቲኬት ከበረራው በፊት ከተሰረዘ ማይሉ ያለ ቅጣት ይመለሳል፤ ቪዛ ለሚጠብቅ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ኤሮፕላን ግን ለስረዛ በአብዛኛው ያስከፍላል።

8. ወንበር መፈለግ

አየር መንገዱ በማይል የሚሰጠው ወንበር ጥቂት ነው። ለአጋሮቹ የሚለቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የገና፣ የጥምቀትና የሐምሌ ወንበር ቶሎ ያልቃል። ዩናይትድ ከ11 ወር በፊት ጀምሮ ቀን ያሳያል፤ ለበዓል የምትሄዱ ያኔውኑ ጀምሩ። አራት ወንበር በአንድ ቀን ካልተገኘ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በተከታታይ ቀን መሄድን አስቡ። የጥቅምት፣ የኅዳርና የየካቲት ጉዞ ቀለል ይላል።

መጀመሪያ አዲስ አበባን ከደለስ ፈልጉ። ካጣችሁ ከኒውዋርክ፣ ከቺካጎ፣ ከአትላንታና ከቶሮንቶ ሞክሩ። ከዚያ ሌሎቹን የስታር አሊያንስ መንገዶች እዩ፦ በፍራንክፈርት ሉፍታንዛ፣ በኢስታንቡል ተርኪሽ፣ በካይሮ ኢጅፕትኤር። ኤሮፕላን በአጋር አየር መንገድ ቲኬት ላይ የነዳጅ ጭማሪ አይጠይቅም፤ ለአጋር ቲኬት 39 የካናዳ ዶላር ብቻ ይጨምራል። የሉፍታንዛው ማይልስ ኤንድ ሞር ግን ብዙ መቶ ዶላር ሊያስጨምር ስለሚችል ማይል ብቻ አይታችሁ አትቸኩሉ።

ቋንቋ ለማይችሉ ወላጆች በአውሮፓ መቀያየር ሳይሆን የኢትዮጵያ አየር መንገድን የራሱን በረራ ምረጡ። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ሲመጣ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አንዴ ሊያርፍ ይችላል። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይከብዳል። ያው አውሮፕላን ስለሆነ ተሳፋሪው መንገድ አይጠፋበትም። በሼንገን አገር (በአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጠና ውስጥ ባለ አገር) በኩል የምታሳልፏቸው ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነው። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ነፃ የሚያደርግ ድንጋጌ አለ፤ ቲኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን በወላጆቻችሁ ሰነድ ልክ አጣሩ።

9. ማዛወርና መቁረጥ

ወንበሩን ስታገኙ ወዲያው ፖይንት አትላኩ። እስከ ክፍያው ገጽ ድረስ ሂዱ። አንዳንዴ ድረ ገጹ የሌለ ወንበር ያሳያል፤ ልትከፍሉ ስትሉ ስሕተት ይላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ስልክ ደውላችሁ ወንበሩ በእርግጥ እንዳለ አረጋግጡ። አንዴ የተላከ ፖይንት ወደ ባንኩ አይመለስም። ከቼዝ ወደ ዩናይትድ ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ ይገባል። ባንኩና ፕሮግራሙ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ ሁለተኛው የስም ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ከቆረጣችሁ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የራሱን የቦታ ማስያዣ ኮድ ጠይቁ፤ ዩናይትድ ከሚሰጣችሁ ይለያል። በሱ ገብታችሁ ወንበር ምረጡ፣ የሻንጣውንም ፈቃድ አረጋግጡ። በኢትዮጵያ ከአሜሪካ ሲነሣ በኢኮኖሚ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ። መንገዱ በሌላ አየር መንገድ የሚያልፍ ከሆነ ይህ ሊለይ ይችላል።

ፖይንት ለዓመታት አታከማቹ። ፕሮግራሞች የማይል ዋጋን ሳያሳውቁ ይጨምራሉ። የኤሮፕላን ፖይንት 18 ወር ምንም እንቅስቃሴ ካላየ ይቃጠላል፤ የዩናይትድ ማይል ግን ጊዜው አያልፍበትም።

10. ዓመቱ ሲሞላ

ዓመታዊ ክፍያው ከመምጣቱ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙ። ካርዱ በዚህ ዓመት ከክፍያው በላይ ካልጠቀማችሁ ደውሉና ክፍያ ወደሌለው የዚያው ባንክ ካርድ ቀይሩልኝ በሉ። መዝጋት አያስፈልግም፤ የክሬዲት ታሪካችሁ ዕድሜ እንደተጠበቀ ይቆያል። ከመቀየራችሁ በፊት ግን የቀራችሁን ፖይንት እዩት። ክፍያ በሌለው ካርድ ላይ ያለ ፖይንት ወደ አየር መንገድ ላይዛወር ይችላል። የባለቤታችሁ ካርድ ገና ክፍት ከሆነ ፖይንቱን መጀመሪያ ወደዚያ አዛውሩና ካርዱን ከዚያ በኋላ ቀይሩ።